ምህንድስናን ለሚያስቡ የጅማ ተማሪዎች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ዘመዶቼና የሰፈራችን ልጆች «ምህንድስና ልግባ ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ ለሙያው ብቁ መሆናቸውን የሚመዝኑት በሒሳብና በፊዚክስ ውጤታቸው ብቻ ነው። ሁለቱ ትምህርቶች የግድ ያስፈልጋሉ፤ ምህንድስና ግን የተፈጥሮን ሕግ ካወቁ በኋላ፣ ባለው ገንዘብ፣ ጊዜና ቁሳቁስ ሰው የሚገለገልበትን ነገር መሥራትና ለሠሩትም ኃላፊ መሆን ነው።

ለዚህ ከግልገል ጊቤ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች የተሻለ ማስረጃ በአቅራቢያችን አላውቅም። የመጀመሪያው ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ተርባይኑን አዙሮ የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተራራውን አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና፣ በጊቤ ሁለት ተጨማሪ 420 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ ይችላል። ያው ውሃ ከእጥፍ በላይ ኃይል የሚሰጠው 500 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ስለሚወርድ ነው፤ ይህን ማንኛውም ጎበዝ ተማሪ በቀመር ሊያሰላው ይችላል። ቀመሩ ግን የተራራውን ሆድ አያሳይም፤ ጣቢያው በ2002 ዓ.ም. በተመረቀ በቀናት ውስጥ የዋሻው ከፊል ተደርምሶ ለወራት ሥራ ቆሟል። አለቱን መርምሮ መቆፈርም ሆነ የተደረመሰውን ጠግኖ ውሃውን እንደገና ማሳለፍ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ እኔ ከምረቃው ይልቅ ጥገናውን አከብራለሁ።

ሁሉም መሐንዲስ ግድብ አይሠራም። በዙሪያችን ካሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚወጣው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ፣ ተህዋስያን በውስጡ ያለውን ስኳርና ሌላ ብስባሽ ሲያፈራርሱ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። የገበሬዎች ማኅበር ዐቅሙ የሚፈቅደው፣ በአካባቢው ባለሙያ የሚጠገን ማጣሪያ መንደፍ ለኬሚካልም ለሲቪልም ለአካባቢ መሐንዲስም የሚበቃ ሥራ ነው፤ የጅማ ልጅ ደግሞ ችግሩን ከማንም በላይ በቅርብ ያውቀዋል።

ትምህርቱ ረጅም ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለው፤ ከተመረቁ በኋላ ሥራ ማግኘት ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል፣ ከተገኘም ከቤተሰብ ርቆ በፕሮጀክት ካምፕ መኖርን ሊጠይቅ እንደሚችል ወላጆችም ቢያውቁት መልካም ነው። ስለዚህ ምርጫችሁን ከመሙላታችሁ በፊት፣ ኪቶ ፉርዲሳ በሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከኢንተርንሺፕ የተመለሱ ተማሪዎችን ፈልጋችሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ጠይቋቸው።