የቀረው 140 ሚሊግራም

ፍሪጅና ፍሪዘር ያው አንድ ናቸው ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ያንብብ። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ታላቅ እህቴ ሦስተኛ ዙር መድኃኒቷን በቀኑ ያላገኘችው በዚህ የተነሳ ነው።

ምርመራውን ባጭሩ ልለፈው። የጡት ካንሰር። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ «ኸር ቱ ሦስት ፕላስ» ተብሎ መጣ፤ ዕጢውን የሚያሳድግ ኸር ቱ የሚባል ፕሮቲን በዝቷል ማለት ነው። ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። ለእነሱ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ለአንድ ዓመት፣ 18 ጊዜ ይሰጣል። ልብን ሊያዳክም ስለሚችል በየሦስት ወሩ የልብ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) መነሳት አለ። ኤኮው ወረፋ እንጂ ጣጣ የለውም።

የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያለው። ገና በሰማ ማግስት ስለ ኢንኸርቱ የሚያወራ ጽሑፍ ላከልኝ። እሱ ያንኑ ትራስቱዙማብ ከኬሞ ጋር አጣብቆ የሚሰጥ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። «አዲሱ እያለ አሮጌ ለምን?» ይለኛል። ሦስት ሳምንት አዲሱን ሳሳድድ ከረምኩ። በኋላ ዶክተሯ ለእህቴ ደረጃ የሚሰጠው አሮጌው እንደሆነ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ወሬው ሁሉ ስለ አዲሱ ነው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚሽቀዳደሙት እዚያ ላይ ስለሆነ። እኛን የሚመለከተው ውድድር ግን ሌላ ነው። ሄርሴፕቲን፣ ማለትም የመጀመሪያው ትራስቱዙማብ በገበያ ስሙ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ ሠሪው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር። የፓተንቱ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ በ2014፣ አሜሪካ ውስጥ በ2019 አለቀ። የሕንድና የኮሪያ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን ይዘው ገቡ፤ ዋጋውም ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፣ በ2019 መጨረሻ ደግሞ ከተመሳሳዮቹ ለመጀመሪያው ዕውቅና ሰጠ። ስለዚህ በማዘዣው ላይ የፋብሪካውን ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም አስጽፉ። «ዋናው ካልሆነ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። የሚከፍለው እሱ ካልሆነ አትስሙት።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ጠርሙሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ 440 ሚሊግራምና 150 ሚሊግራም። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ መጀመሪያ በኪሎ 8፣ ከዚያ በየዙሩ በኪሎ 6። እህቴ 50 ኪሎ ናት። መጀመሪያ 400፣ ቀጥሎ 300 ማለት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ «ትልቁ በሚሊግራም ሲሰላ ይረክሳል፣ የተረፈውን ለቀጣዩ ታደርገዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መድኃኒቱ ዱቄት ነው፣ ትልቁ አብሮት ከሚመጣው ውኃ ጋር ከተበጠበጠ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 28 ቀን ይቆያል። በሁለተኛው ዙር ከ440ው 300 ተሰጣት፣ 140 ተረፈ። ሲስተሯ በረዶ ባለው ሳጥን አድርጋ ሰጠችኝ። «ፍሪጅ አስቀምጠው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም ለሦስተኛው ዙር የዚያኑ ፋብሪካ አንድ 150 ብቻ ገዛሁ። 290 ይሆናል፣ ዶክተሯም ይበቃል ብለዋል። ብልጥ ነኝ!

ኮዬ ፈጬ ነው የምንኖረው። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ እኩለ ሌሊት አለፈ፣ አልመጣም። ፍሪጁን ስዳስሰው ሞቋል። ፍሪዘሩ ውስጥ ግን ገና በረዶ አለ። ጠርሙሱን አንስቼ እዚያ ከተትኩት። ቅዝቃዜ ጥሩ ከሆነ በረዶ ይብሳል ብዬ። መብራቱ ሌሊት መጣ። ጠርሙሱ ግን ለአምስት ቀን እዚያው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ይዤ ሄድኩ። ጠርሙሱ መንገድ ላይ ቀልጦ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። ፋርማሲስቱ ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና «ወንድሜ፣ የት ነበር የተቀመጠው?» አለኝ። ፍሪጅ ብል ማንም አያውቅም ነበር። ፍሪዘር አልኩት። ምንም ሳይናገር አስቀመጠው። ፕሮቲን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በረዶ ከሆነ አይሰጥም። በመመሪያው ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እንግሊዝኛ አነባለሁ። አላነበብኩትም።

ያን ቀን እህቴ ወንበሩ ላይ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀምጣ ነበር። «ዛሬ የለም» ስላት «አንተ ልጅ፣ ምን አደረግክ?» አለችኝ።

ከዚያ ሩጫ። የገዛሁበት ቤት ጨርሷል። አንድ አስመጪ ዘንድ ሄድኩ፤ «ሰኞ ና»። ሰኞ ስሄድ ማኅተም የሚያደርገው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል። ማክሰኞ ደግሞ ማዘዣው ላይ ያለው ቀን አልፏል ተባልኩ። እነሱ ያሳለፉትን ቀን! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በእጄ ሲገባ ዘጠኝ ቀን አልፏል። ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ደግሞ እንደ አዲስ በኪሎ 8 ነው የሚጀመረው። 400 ሚሊግራም፣ ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ። አንድ ላለመግዛት ብዬ ሁለት ጨመርኩ።

ስለዚህ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ የሚላችሁን ትታችሁ ትንሹን ግዙ። ይወደድ። ለ50 ኪሎ ሰው ሁለቱ ልክ 300 ናቸው፣ ቤት የሚሄድ ትርፍ የለም። የሚቀጥለውን ዙር ደግሞ ያሁኑ ሳይሰጥ በፊት ግዙና እዚያው ሆስፒታሉ ፍሪጅ እንዲያስቀምጡላችሁ ለምኑ። እምቢ ካሉ ነገም ሄዳችሁ ለምኑ። እኔ በሦስተኛው ቀን እሺ አሉኝ።

በቅርቡ እኛ ፎቅ ላይ ከምትኖር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ቡና ስንጠጣ ነገሩን አነሳሁት። «እንዴ! ስንቱ ክትባት እኮ በረዶ ከነካው ይጣላል፤ እኛ መጀመሪያ የምንማረው እሱን ነው» አለችኝ። ቤቷ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ነው። ያን ሌሊት በሯን ማንኳኳት እችል ነበር። በሽታውን ከጎረቤት ደብቀን ስለነበር አላንኳኳሁም።