የባንክ ሂሳቤ በራሴ ስልክ ይሁን

በ60 ዓመቴ ከመምህርነት ጡረታ ወጣሁ። ስማርት ስልክ የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ስልኩን ልጄ ከዱባይ ላከችልኝ። ኢሞና ቴሌግራም የጎረቤት ልጅ ጫነልኝ። ጽሑፉን አተለቅን፣ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀየርን። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ ማንም አያስፈራራችሁ።

ያቃጠለኝ ባንኩ ነው። ሞባይል ባንኪንግ ላስጀምር ከልጅ ልጄ ጋር ሄድኩ። ሂሳቡ የኔ፣ መታወቂያው የኔ፤ ወጣቱ ሠራተኛ ግን የሚያናግረው ልጁን ነው። «እማማ ይችሉታል?» አለው። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። «እኔን ጠይቀኝ» አልኩት። «ይከብድዎታል እናቴ፣ በልጁ ስልክ ይሁን» አለ። አይሆንም፣ በራሴ ቁጥር አልኩ። እሺ ብሎ ሞላ፤ ፈረምኩ።

ጡረታዬ ሲገባ መልእክቱ የሄደው ለልጁ ነው። ያስገባው የእሱን ቁጥር ነበር! ልጁ ጨዋ ነው፣ ወዲያው ደውሎ ነገረኝ። ግን የገዛ ገንዘቤን ወሬ ከሌላ ሰው መስማት እንዴት እንደከፋኝ! እንዲያስተካክሉልኝ ስሄድ አንዴ «ሲስተም የለም»፣ አንዴ «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ አንዴ ደግሞ «ማመልከቻ ይጻፉ»። በመጨረሻ ኃላፊዋ ራሷ አጠገቧ አስቀምጣኝ ቡና ሳይፈላ ጨረሰችው። ታዲያ ያን ሁሉ ለምን አመላለሱኝ? እስካሁን ያናድደኛል። አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ተማርራ ስልኳን ለልጆቿ ትታዋለች። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ብትፈልግ እነሱን መለመን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መስኮቱ ጋ ብቻችሁን ቅረቡ፤ ልጁ ውጭ ይጠብቃችሁ። ሳትነሱ ትንሽ ብር ላኩና መልእክቱ በራሳችሁ ስልክ ሲገባ እዩ። ባንኮች ሚስጥር ቁጥር አትጻፉ ይላሉ። እኔ ጽፌዋለሁ፤ አሮጌ ደብተር ላይ፣ የምን እንደሆነ ሳልገልጽ፣ በሳጥን ቆልፌ። ተሰልፎ በሚጠብቅ ሰው ፊት ለልጅ ጮክ ብሎ ከመንገር ይሻላል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ኮዱን ይንገሩኝ» ብሎ ለሚደውል ግን ወዲያው ዝጉበት።

ልጆችም ስሙ፦ ስታስተምሩን «ቆይ እኔ ላድርገው» ብላችሁ ስልኩን ከእጃችን አትውሰዱ። ጣታችን ይሳሳት፣ እንደገና እንሞክር።

ደስታው ብዙ ነው። ድሮ እድርተኛ ሲያርፍ ጥሩንባ ይነፋ ነበር። አሁን እድራችን የቴሌግራም ግሩፕ አለው፤ ጉልበቴ ታሞ ብውልም ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረፈ አውቃለሁ። ልጄን በቪዲዮ እያየኋት ቡና አፈላለሁ። የፌስቡክ የጦርነት ወሬ ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፤ ከመሸ በኋላ ዜና መክፈት ትቻለሁ። የመብራቴንም አሁን እቤቴ ቁጭ ብዬ እከፍላለሁ፣ በራሴ ጣት።