ሚልቶርፕ በዝናብ

ሼፊልድ የገባሁት ማታ ነው። ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ከምናምን፣ ስለሱ የምለው የለኝም። የማማርረው ስለ አዳሩ ነው። 62 ፓውንድ የከፈልኩበት ክፍል ማሞቂያው አይሠራም፤ ለባለቤቱ ስነግረው አንድ ስስ ብርድ ልብስ አቀብሎኝ ሄደ። ደብረ ብርሃን ያደግኩ ሰው ጃኬቴን ለብሼ ስተኛ በራሴ አፈርኩ።

የመጣሁት አንድ ቤት ለማየት ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1913 ኤድዋርድ ካርፔንተርን ሊጠይቅ ሼፊልድ አጠገብ ወዳለችው ሚልቶርፕ መንደር፣ እዚሁ ቤት፣ ሄዶ ነበር። ካርፔንተር ካምብሪጅ የተማረ የደህና ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ክህነቱን ትቶ ገጠር የገባ፣ አትክልት የሚያለማ፣ ሰንደል ጫማ የሚሠራ ሰው ነው። አብሮት የሚኖረው ጆርጅ ሜሪል ደግሞ የሼፊልድ ድሃ ሰፈር ልጅ። እንደ ባለትዳር ነበር የሚኖሩት፣ ያውም ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 በዚሁ ጉዳይ ሁለት ዓመት በተፈረደበት አገር። ሜሪል እንግዳውን ከኋላው፣ ከወገቡ ዝቅ አድርጎ ነካ አደረገው፤ ፎርስተር ራሱ እንደጻፈው፣ ልቦለዱ የመጣለት ያኔ ነው። «ሞሪስ» ይባላል። በ1914 ጨረሰው፣ የታተመው ግን ከሞተ በኋላ በ1971 ነው። የሁለት ወንዶች ፍቅር ሆኖ መጨረሻው ደስታ ስለሆነ ማሳተም አልቻለም፤ አንዱ ራሱን ቢሰቅል ኖሮ ችግር አልነበረውም ይላል።

አውቶቡሱ አመለጠኝና ታክሲ ያዝኩ። አዲስ አበባ ቢሆን ሳልገባ እከራከር ነበር፤ እዚህ ሥርዓት አለ ብዬ ዝም አልኩ፤ 35 ፓውንድ ተቀበለኝ።

መንደሯ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች ናት። ቤቱ ሰው ይኖርበታል፣ ከመንገድ ቆሜ አየሁት፣ አለቀ። ዝናብ ሲደበድበኝ ውሻ ይዘው የሚያልፉ አንዲት ሴትዮ «ዳክ» ብለው ጠሩኝ። ዳክዬ ያዩ መስሎኝ ዞርኩ። ለካ የዚህ አገር «የኔ ልጅ» ነው። ቤታቸው አስገብተው ከነጭቃ ጫማዬ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ጋ አስቀመጡኝ፣ ስኳር የሌለው ሻይ በወተት ሰጡኝ።

እዚያ ተቀምጬ እቤታችን 11 ዓመት የሠራችው ልጅ ትዝ አለችኝ። አንድም ቀን ከእኛ ጋር ማዕድ አልቀረበችም፣ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ነበር የምትበላው። እማዬ ክፉ ሆና አይደለም። ማንም አልጠየቀም፣ እኔም ጭምር።

ብዙ ሰው «ሞሪስ»ን የሚያነሳው ሁለት ወንዶች ስለሚዋደዱበት ነው። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ሞሪስ መጀመሪያ የወደደው ክላይቭ የካምብሪጅ ጓደኛው ነው፣ እኩያው፤ እሱ ልቡ ወደ ሴት ዞረና ሚስት አገባ። ቀጥሎ የመጣው አሌክ ግን በክላይቭ ርስት ላይ የአደን ደን ጠባቂ ነው፣ «ጌታዬ» እያለ የሚያናግር። አንድ ሌሊት አብረው ካደሩ በኋላ እንኳ አይተማመኑም። ሞሪስ፣ ልጁ ምስጢሬን ይዞ ገንዘብ ሊያስከፍለኝ ነው ብሎ ይሰጋል፣ አሌክ እንደ ውሻ ተቆጠርኩ ብሎ ይናደዳል፣ ያስፈራራልም። አልጋ የተጋሩ ሰዎች ጠረጴዛ ለመጋራት ይቸገራሉ። በመጨረሻ ሞሪስ ሥራውንም ቤቱንም ትቶ ከአሌክ ጋር ይሄዳል፣ ክላይቭ ደግሞ ለሚስቱ ምን ብዬ ልዋሽ እያለ ይቀራል።

ኩባያዬን ላጥብ ስነሳ ሴትዮዋ ተቆጡኝ። አውቶቡሱ የሚቆምበት ድረስ ሸኙኝ። ዋጋው 3 ፓውንድ ነበር። ያቺን 32 ፓውንድ እስከ ሼፊልድ እያሰብኳት ሄድኩ።