በፎቶው ጠርዝ ላይ ያለው እጅ

እናቴ በልጅነቷ ከግልገሏ ጋር የተነሳችው አንድ ፎቶ አለ። የተነሳችው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ፎቶ ቤት ገብታ ነው። ነጭ ካልሲ አድርጋ የግልገሉን አንገት አቅፋለች። የእሷ ፊት ጥርት ብሎ ወጥቷል። ግልገሉ ግን ጆሮውን አራግፎ ኖሮ ጆሮው ጭስ መስሏል።

በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ፎቶው ከነፍሬሙ ውሃ ውስጥ አደረ። ሲደርቅ መስታወቱ ላይ ተጣበቀ። የዱሮ ፎቶ ምስሉን የሚይዘው ጄላቲን ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። እኔ ይህን አላውቅም ነበርና ጥጉን በምላጭ ላነሳ ስሞክር ከካልሲዋ የጥፍር ያህል ተላጠ። እስካሁን ይቆጨኛል። እንዲህ የተጣበቀ ፎቶ ካላችሁ አትንኩት፣ ከነመስታወቱ ኮፒ አድርጉት።

ስካነር ሞከርኩ፣ መስታወቱ ስላራቀው ደበዘዘ። ስለዚህ ጠዋት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አጋድሜ በካሜራ አነሳሁት። የራሴ መልክ መስታወቱ ላይ እንዳይታይ ጥቁር ጨርቅ ለሌንሱ ቀድጄ ከፊቴ ጋረድኩ። ካሜራው ትንሽ ካዘመመ ግልገሉም ይንጋደዳል። ደጋግሜ ደጋግሜ አንድ ጥሩ ወጣልኝ።

ከዚያ ፊት በሚያጠራ የስልክ አፕ ሞከርኩት። ልጅቷ ቆንጆ ሆነች፣ እናቴን ግን አትመስልም። አፑ የጠፋውን አይመልስም፣ ገምቶ ይስላል። ያንን ተውኩት። በግራ ጠርዝ ደግሞ የግልገሉን ጀርባ የያዘ የሰው እጅ አለ። ፎቶውን ያበላሸዋል ብዬ ቆረጥኩትና አሳጥቤ ለአክስቴ ወሰድኩላት።

መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

"እማዬስ?" አለች።

"የቷ እማዬ?"

"ግልገሉን የያዘችው ናታ! አምባሯ የታለ? አያትህ እኮ ሌላ ፎቶ የላትም።"

ክው አልኩ። ዱሮ በፈረንጅ አገር ፎቶ ለመነሳት ብዙ ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ግድ ነበር። እናቶች ጨርቅ ተከናንበው ልጆቻቸውን ከኋላ ደግፈው ይይዙ ነበር። አያቴ አልተከናነበችም። ፎቶ አንሺው ከጠርዝ አስቀራት፣ የቀረችውን እጇን ደግሞ እኔ ቆረጥኩ።

ደግነቱ የመጀመሪያውን ፋይል አልነካሁትም። ሳልቆርጥ እንደገና አሳጠብኩት። አክስቴ የግልገሉን ስም ሳይቀር ታስታውሳለች፣ ቡሬ ነው። ፖስታው ላይ ሦስቱንም ጻፍኩ። እናቴ፣ ቡሬ፣ በግራ በኩል አምባር ያደረገችው አያቴ።