ለቶዮታ ፎርራነሬ የበረዶ ጎማ ስገዛ የተሳሳትኩት፦ ባለ 10 ፕላይ

ዴንቨርና አውሮራ ሆናችሁ በአይ-70 ወደ ተራራው ለሥራ የምትመላለሱ፣ ጎማ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ «ፎር ዊል ስላለኝ አያስፈልገኝም» የሚለውን ተዉት። ፎር ዊል መኪናውን ያስነሳል እንጂ አያቆምም። ፍሬን ስትረግጡ ሥራው የጎማው ነው፣ ከባድ መኪና ደግሞ በረዶ ላይ ለመቆም የበለጠ ያስቸግራል። የኮሎራዶ ሕግ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው የአይ-70 መንገድ፣ ፎር ዊል ያለውን መኪና የጎማው ጥርስ ጥልቀት 3/16 ኢንች እስከሆነ ድረስ ያሳልፈዋል። ሕጉ የሚጠይቀው ያን ብቻ ነው። እኔ ግን ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደውን ቁልቁለት በኦል ሲዝን (ዓመቱን ሙሉ በሚታሰረው) ጎማ ውረዱ ብዬ ማንንም አልመክርም።

ጎማው ጎን ላይ ያለው «ኤም ፕላስ ኤስ» (ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የጥርሱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚናገረው፣ ከጀርባው ፈተና የለም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ያለበትን ፈልጉ። እሱም ቢሆን የሚፈተነው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ መነሳትን ነው፤ መቆምን ወይም ግግር በረዶን አይለካም። ስለዚህ ምልክቱ ያለበት ኦል ቴሬን (ለአስፋልትም ለጥርጊያ መንገድም የሚሆን ጎማ) ሁሉ የበረዶ ጎማ አይደለም። ትክክለኛው በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ በምላጭ የተሰነጠቀ የሚመስል ቀጫጭን መስመር ሞልቶበታል፣ ላስቲኩም ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይደርቅም። ሌሊት ውጭ ያደረ ጎማ ላይ ጥፍራችሁን ጫን አድርጉበት፤ የኦል ሲዝኑ ድርቅ ብሎ ይመልሳችኋል፣ የበረዶው ይሰረጎዳል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። የእኔ መኪና የመጣው በ245/60 አር 20 ነው። ወደ 265/70 አር 17 መውረድ፣ ማለትም ከ20 ኢንች ቸርኬ ወደ 17፣ ጥሩ ውሳኔ ነበር፦ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ያው ነው፣ ጎማው ይረክሳል፣ ጎኑም ረዘም ስለሚል ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬውን ያድነዋል። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ «ይሄ ትራክ ነው፣ ጠንካራ ያስፈልገዋል» ብሎ ከቁጥሩ ፊት «ኤልቲ» (ላይት ትራክ፣ የጭነት መኪና ጎማ) የተጻፈበት፣ የመሸከም ደረጃው ሎድ ሬንጅ ኢ፣ ማለትም ባለ 10 ፕላይ (የአሥር ንብርብር ያህል ጥንካሬ ያለው) ሸጠልኝ። እኔም ጠንካራ ሲባል ደስ ብሎኝ ገዛሁ፤ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። ያ ጎማ ነፋሱ እስከ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ተሞልቶ፣ ተጎታች የሚስብ ወይም ጭነት የሚጭን እንደ ፎርድ ኤፍ-250 ያለ ከባድ ፒክአፕ ላይ ቢታሰር ሥራውን ያውቃል። አምስት ሰው የሚጭን መኪና ላይ ግን ጎኑ ድርቅ ያለ ነው፣ ክብደቱም ይበዛል፣ ጥርሱም መንገዱ ላይ በደንብ አይተኛም።

የባሰው ነፋሱ ነው። የሾፌሩ በር ላይ ያለው 32 ፒኤስአይ የተጻፈው ፋብሪካው ላሰረው ተራ ጎማ ነው። ኤልቲ ጎማ በዚያው 32 የሚሸከመው ያነሰ ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት እንዲችል ከ40 በላይ ይፈልጋል። ጎሚስታው የበሩን ቁጥር አይቶ 32 ሞላና ሸኘኝ። ውጤቱ የጥርሱ ሁለት ጠርዝ እየተበላ መሃሉ መቅረት ነው፤ በእጅ ሲዳሰስ ዳርና ዳሩ ሸርተት ያለ ነው። ወደ ጎማ ቤቱ ስመለስ «አንዴ ከታሰረ አንመልስም» ተባልኩ። ጎማ ሸጦ የሚኖር ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ብዬ ማመን አልቻልኩም።

ስለዚህ ከቁጥሩ ፊት «ኤልቲ» የሌለበትን፣ የመሸከም ደረጃው ስታንዳርድ ወይም ኤክስትራ ሎድ የሆነውን ግዙ። ብሊዛክ ዲኤም-ቪ2፣ ሚሼሊን ኤክስ-አይስ ስኖው ኤስዩቪ፣ ኖኪያን ሃካፔሊታ አር5 ኤስዩቪ፣ ሦስቱም ለዚህ ዓይነት መኪና የተሠሩ ናቸው። ከመታሰሩ በፊት ጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ኮድ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ራሳችሁ አንብቡ፤ 3523 ማለት በ2023 35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱንም ቀይሩ። ሁለት ብቻ ፊት ላይ ካሰራችሁ ኋላው ያመልጣችኋል።

ለብቻው ቸርኬ ግዙለት። በየዓመቱ ሁለቴ ጎማ ከማስፈታትና ባላንስ ከማሠራት ይረክሳል፣ ቤት በክሪክ ራሳችሁ ትቀይራላችሁ። የነፋስ ሴንሰርም አብራችሁ አስገቡ፣ አለዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የነፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት ወቅቱን ሙሉ ይበራል። ቡሎኑን ከ50 ማይል በኋላ በቶርክ ቁልፍ ድጋሚ አጥብቁ፤ ልኩ የመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ። ቅዝቃዜው በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር 1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ለኩ። ጥርሱ 6/32 ኢንች (ያው 3/16) ሲደርስ ሕጉ ቢፈቅድም እኔ እቀይረዋለሁ። ኤፕሪል ላይ ቀኑ ሲሞቅ አውልቁት፣ ለስላሳው ላስቲክ በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል።