ኤስኤልአር ብዬ ስፈልግ ካሜራም ጠመንጃም መጣ

የማስተርስ ጽሑፌ ስለ ትናንሽ የጭነት ባቡር ድርጅቶች ነው። ለኮምቦልቻ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዋሽ ተነስቶ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ በደጃችን ያልፋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩም ደረቅ ወደቡም እዚሁ ናቸው። ከዋናው መስመር እስከ ፋብሪካ በር ያለችውን አጭር ሐዲድ ማን ይሠራታል? ማንስ ያንቀሳቅሳታል? እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥያቄ ይኼ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሥራ ትናንሽ ድርጅቶች ይዘውታል። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የስታገርስ ሕግ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አላዋጣ ያሏቸውን ቅርንጫፎች በቀላሉ እንዲሸጡ በር ከፈተ። ብዙዎቹን ትናንሾቹ ወሰዷቸው። ከእነሱ አንዱ ሜይን ግዛት ውስጥ የሚሠራው ሴንት ሎውረንስ ኤንድ አትላንቲክ ነው። መለያው ኤስኤልአር (SLR) ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ መጣ። ሦስቱን ፊደል ብቻ ጎግል ላይ ስጽፍ ካሜራ ይመጣል። የእንግሊዝ ጦር የድሮ ጠመንጃ ይመጣል። የባሕር ወለል ከፍታ መጨመርም አለ፣ የህንድ ባንኮች የመጠባበቂያ ድርሻም አለ። የቀደሙ ጥናቶችን በሥርዓት የመፈተሽ ዘዴ እንኳ በዚሁ ፊደል ይጠራል፤ እኔ ደግሞ የምሠራው በእሱ ነው!

አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «ልጄ፣ ፊደሉን ተወውና ከተማውን ጻፍ» አሉኝ። ሠራ። የድርጅቱን ሙሉ ስም በትምህርተ ጥቅስ አስገባሁ፣ የሜይኗን ከተማ «ፖርትላንድ»ን እና «ፉርጎ»ን ጨመርኩ። ካሜራው ጠፋ።

ፍለጋው ያመጣቸው የፉርጎ ፎቶዎች ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ፉርጎ ላይ ከ2 እስከ 4 ፊደል፣ ቀጥሎ ቁጥር ይጻፋል። ፊደሉ የባለቤቱ መለያ ነው። መጨረሻው ኤክስ ከሆነ ባለቤቱ የባቡር ድርጅት አይደለም፤ አከራይ ወይም ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ፉርጎ ደግሞ ከመስመር መስመር ይዞራል። ስለዚህ የአንድ ድርጅት ፉርጎ የሆነ ጣቢያ ቆሞ ስላየሁ ብቻ ድርጅቱ እዚያ ይሠራል ብዬ አልጽፍም። የሐዲዱን ባለቤት ለብቻው አጣራለሁ።

አሁን ለእያንዳንዱ ምህጻረ ቃል ሙሉ ስሙን፣ አገሩንና ያገኘሁበትን ገጽ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። ቀጥሎ የማየው ቅርንጫፎቹን የገዙት ድርጅቶች የመጀመሪያውን ገንዘብ ከየት እንዳገኙ ነው። ለኮምቦልቻ የሚጠቅመው እሱ ነው።