ደሴ ሲዘንብ ኮምቦልቻስ?

ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስዘጋጅ ከሁሉ የናቅሁት «የተሰጠው መረጃ ይበቃል ወይስ አይበቃም?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ነበር፤ ሁለት መረጃ ይሰጥና እያንዳንዱ ለብቻው ወይም ሁለቱ አንድ ላይ ለመልሱ ይበቁ እንደሆነ ይጠየቃል። በሙከራ ፈተናው ከአሥር የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ጥያቄዎች ስድስቱን ሳትሁ።

መጀመሪያ የጣለኝ ይህ ነው። ነገ ከደሴና ከኮምቦልቻ ቢያንስ በአንዱ ከተማ የመዝነቡ ዕድል ስንት ነው? አንደኛ መረጃ፦ ነገ ደሴ ላይ የመዝነቡ ዕድል 0.6 ነው። ሁለተኛ መረጃ፦ ኮምቦልቻ ላይ 0.5 ነው። እኔም ያለመዝነባቸውን ዕድሎች፣ 0.4ን በ0.5፣ አባዝቼ፣ ከ1 ቀንሼ፣ 0.8 አገኘሁና «ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ» ብዬ አለፍሁ። እንዲህ ማባዛት የሚቻለው ግን የአንዱ መዝነብ የሌላውን ዕድል የማይለውጥ ሲሆን ነው፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ጨመርሁት። ያውም በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ ወጥቼ የምወርድ፣ የሁለቱን ከተሞች ደመና የማውቅ ሰው!

ከዚያ ወዲህ ከማስላቴ በፊት መረጃውን ሳልነካ ሁለት የተለያዩ ቀኖችን ለመፍጠር እሞክራለሁ። ኮምቦልቻ በዘነበ ቁጥር ደሴም የሚዘንብ ከሆነ መልሱ 0.6 ነው። የሚፈራረቁ ከሆነ ደግሞ እስከ 1 ይደርሳል፤ ተደምረው 1.1 ስለሚሆኑ ቢያንስ በ0.1 መገናኘታቸው አይቀርም። መልሱ ከተንሸራተተ መረጃው አልበቃም። ጥያቄው «ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል?» የሚል ቢሆን ግን ያው መረጃ ይበቃል፤ ከ0.6 አይወርድምና። ይህ የገባኝ ዕለት ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

የሚበቃውን አይበቃም ያልሁበትም አለ። እናቴ ሰኞ ከባቲ ገበያ ባመጣችው ዘንቢል ውስጥ ብርቱካኑ የሎሚው እጥፍ ነው እንበል። ብዛቱን ባላውቅም፣ ሳላይ አንድ ባወጣ ብርቱካን የመሆኑ ዕድል 2/3 ነው። ሳልመልስ ሁለት ካወጣሁ ግን ብዛቱ ያስፈልገኛል፦ ሁለቱም ብርቱካን የመሆናቸው ዕድል ከ3 ፍሬ 1/3፣ ከ30 ፍሬ 38/87 ነው። የመጀመሪያውን መልሼ ካወጣሁ እንደገና ንጽጽሩ ብቻ ይበቃል፣ 4/9። ታናሽ እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «ዘንቢሉን ገልብጠህ አትቆጥረውም?» አለችኝ።

አንድ አመል ብቻ አልለቀቀኝም፦ ሁለተኛውን መረጃ ለብቻው ስመዝን የመጀመሪያው ሹልክ ብሎ ይገባብኛል። ስለዚህ አንደኛውን በመዳፌ ሸፍኜ ነው የማነበው።